የኦብሲዬ የምርጫ ግመል

ኦብሲዬ አሥራ ሁለት ዓመት የፓርላማ አባል ሆኖ ሲቀመጥ አንድም ሰው ድምፅ ሰጥቶት አያውቅም። ሐርጌሳን ካፈረሰው ጦርነት በኋላ የጎሳው ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተሰብስበው «አንተ ሂድ» አሉት፤ እሱም ሄደ። በቃ፣ ይኸው ነው። «የተከበሩ» የሚለው ማዕረግ ስሙ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ታዲያ አንድ ቀን «ከእንግዲህ ወንበር የሚገኘው በሕዝብ ድምፅ ነው» የሚል አዋጅ ወጣና የተከበሩ ኦብሲዬ እንቅልፍ አጡ።

ከእሳቸው የባሰ እንቅልፍ ያጣ ሰው ቢኖር ገነነ ነው። ገነነ የደብረ ታቦር ልጅ፣ ሙያው ታፔላ ጸሐፊ። ሐርጌሳ ከፍርስራሿ እየተነሳች ስለነበር ሥራ ሞልቶለታል። ማንበብ የማይችለው ሰው ብዙ ነውና ሱቁ ሁሉ ሥዕል ይፈልጋል፦ ለጥርስ ሐኪሙ ጥርስ፣ ለልብስ ሰፊው መቀስ፣ ለሆቴሉ ዶሮ። ጥይት የበሳው ግድግዳ እንኳ ለእሱ አይከብደውም፤ ቀዳዳውን የዶሮዋ ዓይን ያደርገዋል። ችግሩ ሌላ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ የሚታደሰው በኦብሲዬ ዋስትና ነበር። በየዓመቱ ኦብሲዬ ቢሮ ድረስ ሄዶ «ይህ የእኔ ሰው ነው» ሲል ማኅተሙ ይመታል። ኦብሲዬ ከወንበሩ ከወረደ ግን ገነነን ማን ይዋሰዋል? ጓዙን ጠቅልሎ በድንበሩ በወጃሌ በኩል ሊሸኙት ነው። ስለዚህ ገነነ ለአንድ ሙስሊም የምርጫ ድል ሲል ለቅዱስ ገብርኤል ጥላ ተሳለ።

ለምርጫው እያንዳንዱ ተወዳዳሪ የሥዕል ምልክት ነበረው። ለኦብሲዬ ግመል ደረሰችው። በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረውም።

«ገኔ፣ በየግድግዳው ግመል ሳልልኝ!» አለው፣ በስደቱ ዘመን ድሬዳዋ ላይ በለመደው አማርኛ።

«ምን ችግር አለው፣ ጋሽ ኦብሲዬ!» አለ ገነነ። ግመል ስሎ አያውቅም።

ይሁንና ገነነ በግምት መሥራት የማይወድ ሰው ነው። ግመል ገበያ ወረደና አንዲት ዓይነ ግቡ ግመል መርጦ ፊት ለፊቷ ቁጭ አለ። ባለቤቱ ገዢ መስሎት ሲያቆላምጠው ዋለ፤ ግመሏ ግን ሁለቴ ተፋችበት። ገነነ ከንፈሯን፣ ሽፋሽፍቷን፣ የጉልበቷን ጠባሳ አንድ ሳያስቀር ገለበጠ። አንገቷ ላይ በእሳት የተተኮሰች ምልክትም ነበረች፦ ሁለት ሰረዝ፣ ከላያቸው እንደ ማጭድ የታጠፈ መስመር። በእሱ አገር የሴት አንገት ንቅሳት ጌጥ አይደለም እንዴ? የግመሏም እንደዚያው መሰለውና ምልክቷን ከሁሉ አስውቦ አጉልቶ ቀባት። ሳይቆይ ከሠላሳ አንድ ሜይ ሰፈር እስከ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ባለው ግድግዳ ሁሉ ላይ የተነቀሰች ግመል ቆመች።

ዓርብ ከስግደት በኋላ ሰው ግድግዳው ሥር ተኮለኮለ። ገነነ አድናቆት መስሎት ሸሚዙን አስተካክሎ አጠገባቸው ቆመ። የኦብሲዬ ሚስት ኸድራ ሕዝቡን እየገፋች ስትመጣም ፈገግ ብሎ ጠበቃት።

«ገነነ! ምን ጉድ ውስጥ ከተትከን?» አለች። «ይቺ እኮ የሐጂ አደን ጎሳ ግመል ናት!»

እዚያ አገር እያንዳንዱ ጎሳ ግመሉን የሚተኩስበት የራሱ ምልክት አለው። የማን ግመል እንደሆነች ጥርሱን ያልነቀለ ሕፃን እንኳ ከሩቅ ይለያል። ኦብሲዬ እንግዲህ የሰው ግመል ይዞ መቆሙን በከተማው ግድግዳ ሁሉ ላይ አውጇል ማለት ነው። ያውም በአያቶቻቸው ዘመን በግመል ስርቆት የተጣሉትን ሰዎች ግመል!

በማግስቱ ሁለቱ ጎሳዎች ዛፍ ሥር ተቀመጡ።

«የጠፋችብን ግመል ተገኝታለች» አለ የዚያኛው ጎሳ ሽማግሌ ሐጂ አደን ሳቁን እየዋጠ። «ሌባውም በየግድግዳው አምኗል።»

የኦብሲዬ ሽማግሌዎች ወደ ኦብሲዬ ጆሮ ተጠጉ። «ሐበሻው ነው ያበላሸው በልና ተገላገል። እሱ አገሩ ይግባ፣ አንተ ወንበርህን ያዝ።»

ገነነ ሶማሊኛ ያውቃል፤ ሰማ። የሚያስከፋው ደግሞ ምክሩ ትክክል መሆኑ ነበር፤ በኦብሲዬ ቦታ ቢሆን እሱም ያንኑ ይል ነበር።

ኦብሲዬ ተነሣ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይህ ሰው በእኔ ዋስትና ያለ ሰው ነው። የእሱ ጥፋት የእኔ ጥፋት ነው። ግመል እከፍላለሁ።»

ሐጂ አደን ደነገጠ። ሰውየው የመጣው ለቀልድ ነበር፤ ምን ያድርግ፣ የምትታለብ ግመል ተረክቦ እየተገረመ ሄደ። የእሱ ጎሳ «ኦብሲዬ ወንድ ነው!» ብሎ አመሰገነና የምርጫው ቀን ለራሱ ተወዳዳሪ ድምፁን ሰጠ። የኦብሲዬ ጎሳ ደግሞ «ለሐበሻ ብሩሽ ግመል የሰጠ ነገ የውሃ ጉድጓዳችንን ይሰጣል» አለና ድምፁን ለኦብሲዬ የአጎት ልጅ ሰጠ። ኦብሲዬ ሲወድቅ ለወሬ እንኳ አልተመቸም።

ገነነ ብሩሾቹን በጆንያ ሲከት ኦብሲዬ ደጁ ላይ ደረሰ።

«ምን ትጎለታለህ? ፈቃድህ ሊያልቅ ነው፣ ተነስ!»

ቢሮው ውስጥ ዓምራን የምትባል ሠራተኛ ኦብሲዬን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ጌታዬ፣ አሁን እኮ የፓርላማ አባል አይደሉም» አለችው ቀስ ብላ።

ኦብሲዬ መሬት መሬቱን አየ። ገነነ ለእሱ ሲል አፈረ። ዓምራን ወደ ገነነ ዞረች።

«ቆይ፣ ግመሏን የሳልከው አንተ ነህ?»

አለቀልኝ አለ ገነነ በልቡ። «አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ሳቋ ቢሮውን ሞላው። «ኑ እዩ! የግመሏ ሰው መጣ!» ብላ ባልደረቦቿን ጠራች። የሐጂ አደን የወንድም ልጅ ነበረች። «ወተቷን እኛ ቤት ነው የምንጠጣው። ግመል የተከፈለበትን ሰው ዋስ የለውም ማን ይለዋል?» አለችና ማኅተሙን መታች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ገነነ መቻል አቃተው።

«ጋሽ ኦብሲዬ፣ አንዲት ቃል እኮ ነበረች። ‹እሱ ነው› ቢሉ ኖሮ ዛሬ ወንበርዎ ላይ ነበሩ።»

ኦብሲዬ እየሄደ መለሰለት።

«እዚያ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ፣ ገኔ። ሌላው እጁን ሲያወጣ አወጣሁ፣ ሲያወርድ አወረድኩ። ስለ ምን እንደሆነ እንኳ የማላውቅበት ቀን ብዙ ነው። ብቻዬን እጄን ያወጣሁት ያን ቀን፣ ዛፉ ሥር ነው።»

ገነነ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። እርምጃውን ከሰውየው እርምጃ ጋር አስተካከለና አብረው ሄዱ።