ሪዝ መዝጋቢው ጸሐፊ

በአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ከንፈር ላይ ሪዝ እንዳይበቅል የሚያደርግ መድኃኒት ይኖር ይሆን? የከተማችንን የቶካትን አዋቂዎች ሁሉ ጠየቅሁ፤ እነሱ የሚያውቁት የሚያበቅለውን ብቻ ነው።

ሱልጣኑ ወንዱን ሁሉ ቁጠሩልኝ ብለው ከኢስታንቡል ጸሐፊ ልከዋል። እኛ ሴቶች ከቁጥር አንገባም፤ ተመስገን ነው። ጸሐፊው ከቤት ቤት እየዞረ የእያንዳንዱን ወንድ ቁመትና ጺም ይመዘግባል። ኢማማችንን «አጭር፣ ጺማቸው የሳሳ» ብሎ ስለጻፋቸው ሦስት ቀን አኩርፈው ሰነበቱ። የኔ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። ሪዝ አለው ተብሎ የተጻፈ ጎረምሳ ሁሉ ሱልጣኑ ላቋቋሙት አዲስ ጦር እንደሚታጭ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ልጄ መስኮብን፣ ሩሲያን ሊወጋ ዘምቶ አልተመለሰም። የቀረኝ የሱ ልጅ፣ መዳብ ቀጥቃጩ ቤኪር ብቻ ነው።

ቤኪር ደግሞ ያቺን ሪዙን ጠዋት ማታ የለውዝ ዘይት ይቀባታል። የኮርቻ ሰሪው የዱርሱን ልጅ ታጭታለት ሰርጉ ለወይን ለቀማ ተቆርጧል። ተላጭ ብለው እምቢ አለኝ። አለቀስኩ። ምግብ ተውኩ፤ ማለት ጎረቤቴ ታኩሂ ዘንድ እየሄድኩ ነበር የምበላው። በአራተኛው ቀን አንጀቱ አልችል ብሎ አገጩን ሰጠኝ።

ምላጩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ መስታወት የያዘችው ታኩሂ።

«እትዬ ዘሊሃ፣ ልጁን የተላጠ እንቁላል አስመሰልሽው እኮ» አለች እየሳቀች፤ «ጨው ብቻ ነው የቀረው።»

ጸሐፊው ሲመጣ ቤኪር ያጠረው ሸሚዝ ለብሶ፣ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ቆመ። ቀድሜ የለመንኩት የሰፈሩ ሹም እያሳለ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው አለ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ አደረግሁ። ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ በቅጡ ሳያየው ሪዝ የለውም፣ ልጅ ነው ብሎ ጻፈ። እፎይ አልኩ። እፎይታዬም አንድ ቀን ሳይሞላው አለቀ።

በማግስቱ ጠዋት ዱርሱን መጣ። ግባ ብለው ደጃፉን አላልፍም አለ። ቃዲው ከእንግዲህ መዝገቡን ሳያይ ኒካህ አላስርም ብሏል አሉ። መንግሥት ልጅ ነው ላለው ልጁን ቢድር አገር እንደሚስቅበት ተናገረ።

«እትዬ ዘሊሃ፣ አይቀየሙኝ» አለ። «ሪዙ መዝገቡ ላይ ሲበቅል ሽማግሌ ይላኩ።»

ቤኪር ከኋላዬ ቆሞ ሁሉንም ሰማ። ዱርሱን እንደሄደ ሙሽራ ሞልቷል፣ አንገት ግን አንድ ነው፣ በሚቀጥለው ቆጠራ ይስተካከላል እያልኩ ቀባጠርኩ።

«የሚቀጥለው መቼ ነው?» አለኝ።

ስድስት ዓመት ሲሉ ሰምቻለሁ። ጸሐፊው ደግሞ ቀትር ላይ ከተማውን እንደሚለቅ ሁለታችንም እናውቃለን። ቤኪር ቆቡን አነሳ። ሮጬ በሩ ላይ ቆምኩ።

«አባትህም የወጣው በዚህ በር ነው» አልኩት።

እጄን ስሞ ግንባሩን አስነካ። ከዚያ ትከሻዬን ይዞ፣ እንዳይሰበር እንደሚፈሩለት ዕቃ ቀስ አድርጎ ወደ ጎን አቆመኝና፣ ጸሐፊው ወዳረፈበት በሚወስደው መንገድ ሄደ።