የብረት በሩ

ዱካሞ በስደት አገሩ፣ አይቮሪ ፓርክ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሱቅ ሲከፍት ቦታውን የመረጠለት የሰው እግር ነው። በሁለት ረጃጅም ግንቦች መሃል የምታልፍ ቀጭን መንገድ ነበረች፤ ታክሲ የሚይዘው ሁሉ በሷ ነው የሚወጣው፤ ሱቁ ደግሞ አፏ ላይ። ያኔ ቀና ለማለት እንኳ ፋታ አልነበረውም።

በኮሮናው ዓመት፣ ሰው ሁሉ ቤቱ በተከተተበት ሰሞን፣ ሌቦች በዚያችው መንገድ መጥተው ሽጉጥ ደገኑበት። ከዚያ በኋላ በየጸሎቱ "ጌታ ሆይ፣ በእሳት ቅጥር ጠብቀን" ይል ጀመር። ጌታን መጠበቅ ግን አልሆነለትም፤ ሰፈሩን ዞሮ አስፈርሞ መንገዷ ላይ የብረት በር አስተከለ። ቁልፉን ጎረቤቱ ጎጎ ኖምሳ የሚባሉ ባልቴት ያዙ። ብልጥ መሆኑ ነበር።

ሌባውም ቀረ፣ ገዢውም ቀረ። ሰዉ በሌላ መንገድ መዞር ለመደ። ሁለተኛው ዓመት ሲጋመስ የዱካሞ ሥራ ማዛጋት ብቻ ሆነ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልቀናው ሱቁን መዝጋቱ ነው።

መሃል ከተማ ጄፒ የሚባለው ገበያ ዕቃ ሊያመጣ ሲወርድ ለጅምላ ነጋዴው ለከቢር ምሬቱን ነገረው። ከቢር ድንበር ሳይዘጋ በፊት ቻይና፣ ጓንግዡ ይመላለስ ነበር።

"የዚያን አገር አዲሱን ሰፈር ብታይ" አለው፣ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ። "ግቢው በግንብ የታጠረ፣ በሩ አንድ፣ መንገዱ ሰፊ። ግማሽ ሰዓት ብትሄድ ውሃ የምትገዛበት የለም። አሮጌው ሰፈር ደግሞ ሁለት ሰው የማያሳልፍ ቅያስ ነው፤ ደጃፉ ሁሉ ሱቅ። ሰዉ ያው ቻይና ነው፣ መንገዱ ነው የተለየው።"

"በሩን እኮ ያስተከልኩት እኔው ነኝ።"

"እንግዲያው አስከፍተዋ።"

በማግስቱ ጠዋት ሄደ። ጎጎ ኖምሳ ልብስ ያሰጣሉ።

"ሳውቦና ጎጎ" ብሎ በቋንቋቸው ሰላም አላቸው። "እባክዎ በሩን ይክፈቱልኝ፣ ሱቄ ሊዘጋብኝ ነው።"

አሮጊቷ ግራ ገብቷቸው አዩት። "እኔን ለምን ትለምነኛለህ ልጄ? ገበያው ሞተባችሁ ብዬ ቁልፉን ለሚስትህ ሰጥቻታለሁ። ከገና ጀምሮ እሷ ጋ ነው።"

ዱካሞ እየተናደደ ተመለሰ። ሚስቱ በለጥሽ ሱቁ ውስጥ ዳቦ ትደረድራለች፤ ፊቱን አይታ ገባት። አልካደችም።

"ሽጉጡን ግንባርህ ላይ ሲያደርጉት ከፍሪጁ ኋላ ነበርኩ" አለች። "አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ነበር። እኔ አልጨፈንኩም።"

ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና ወደ ዳቦዋ ዞረች። ዱካሞ ንዴቱ ወዴት እንደሄደ አላወቀም፤ ድካሙ ብቻ ቀረ።

"ወሩ ሊያልቅ ስንት ቀን ቀረው?" አላት።

"ዘጠኝ።"

"በይ ካርቶን ፈልጊ" አለና ቁልፉን ሳይነካ ከላይኛው መደርደሪያ ጀምሮ ዕቃውን ያወርድ ጀመር።