መጽሐፉን ይዘህ ና

የተመለሰልኝ ወረቀት ላይ ውጤት አልነበረም። ከላይ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት መስመር ብቻ ተጽፎበታል፦ «በሚቀጥለው ቅዳሜ ከክፍል በፊት ቢሮ እንገናኝ። መጽሐፉን ይዘህ ና።»

ዓመቱ በፈረንጅ 1996 ነበር። አሜሪካ፣ ብሩክሊን ሴንተር በምትባል ከተማ ለአዋቂዎች በሚሰጠው የቅዳሜ ትምህርት ከገባሁ አምስተኛ ወር ይዤ ነበር። አገር ቤት ከስድስተኛ ክፍል ካቋረጥኩ በኋላ ዳግመኛ ደብተር የያዝኩት እዚያ ነው። መምህርታችን ሚስስ ሆልምበርግ የሰጠችን የቤት ሥራ፣ ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት የነበሩ የአሜሪካ ጸሐፊዎች እንግሊዞችን መምሰል ትተው የአገራቸውን ድምፅ እንዴት እንዳገኙ በሦስት ገጽ እንድንጽፍ ነበር። ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተዋስኩና ምዕራፉን አገኘሁት። የዕረፍት ቀኔን በሙሉ ፈጅቼ፣ አንድ ቃል ሳልሰርዝ፣ አንድ ፊደል ሳልስት ገለበጥኩት።

በእኛ ትምህርት ቤት ጎበዝ ማለት እንዲህ ነበር። መጽሐፍ ያለው መምህሩ ብቻ ነው። ጽሕፈቱ የሚያምር ልጅ ከመጽሐፉ ወደ ሰሌዳ ይገለብጣል፤ ሌላው ከሰሌዳው ወደ ደብተሩ። ሰሌዳው ላይ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ቀዩን ጽሑፍ ሳነብ መጀመሪያ የመሰለኝ ልትሸልመኝ ነው።

ወረቀቱን ለጋሽ ዘርእዝጊ አሳየኋቸው። ጋሽ ዘርእዝጊ አሥመራ በአማርኛ የተማሩ፣ እዚህ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ የክፍል ጓደኛዬ ናቸው። ትምህርት የጀመሩት የልጅ ልጆቻቸው ፊት ለፊታቸው በእንግሊዝኛ እንዳያሟቸው ነው ይላሉ። በመኪናቸው ወደ ቤት ሲያደርሱኝ ዳር ይዘው ፓርክ አደረጉና መነጽራቸውን አወጡ።

«ይኼ ያንተ ሐሳብ ነው?»

«ከመጽሐፉ ነው፣ ጋሼ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«አንተ ልጅ፣ ማተሚያ ቤት ነህ እንዴ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። እዚህ አገር የሰው ጽሑፍ ላይ ስምን ጽፎ ማስረከብ እንደ ስርቆት እንደሚታይ፣ ባለፈው ዓመት አንዲት ሴት በዚሁ ተባርራ እንደቀረች፣ ስንመዘገብ የፈረምንበት ወረቀት ላይም ይኸው እንዳለ ነገሩኝ። ፈርሜያለሁ። አላነበብኩትም ነበር።

ኤደን ፕሬሪ ከተማ በምሠራበት መጋዘን ያን ሳምንት ካርቶን አሽጋለሁ። ድምፅ ማጉያው በተከፈተ ቁጥር ስሜ የሚጠራ ይመስለኛል። አብራኝ የምትኖረው እህቴ እህተማርያም ምግብ አልወርድ ሲለኝ አይታ ታመምክ ወይ አለችኝ፤ ብርዱ ነው አልኳት። በሰኔ ዲፕሎማ ስቀበል የምትለብሰውን ቀሚስ ከአሁኑ ገዝታ ሰቅላዋለች። ከቀሚሱ ፊቴን እያዞርኩ አልፍ ነበር። ከዚህኛው ትምህርት ቤት ከወጣሁ የሚቀበለኝ ሌላ እንደማላገኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

ዓርብ ጋሽ ዘርእዝጊ ደወሉ። መላ አግኝተዋል፦ የመጽሐፉን ስም የጻፍኩበት አራተኛ ገጽ ነበረኝ፣ አውቶቡስ ውስጥ ወደቀብኝ፣ እንድል። ውሸቱን በእንግሊዝኛ ጽፌ ቃል በቃል ሸመደድኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ ሚስስ ሆልምበርግ ብቻዋን አልነበረችም፤ ዳይሬክተሩም ተቀምጧል። መጽሐፉን ተቀብላ ከወረቀቴ ጎን ዘረጋችው። አንዱ ጣቷ በመጽሐፉ፣ አንዱ ጣቷ በወረቀቴ ላይ፣ መስመር በመስመር እኩል ወረዱ። የውሸቱ የመጀመሪያ ቃል ምላሴ ላይ ነበር።

ዳይሬክተሩ ጎንበስ ብሎ «እነዚህ ምንድን ናቸው?» አለ። ከአንዳንድ ቃላት ራስጌ የጻፍኳቸውን ትንንሽ ቁጥሮች ነበር የሚያሳየኝ። መጽሐፉ ላይ ስላሉ ነው አልኩት። የግርጌ ማስታወሻ ቁጥሮች መሆናቸውን አላውቅም ነበር፤ የቃሉ አካል መስለውኝ አንድም ሳልዘል ጽፌያቸዋለሁ።

«ሌባ ቢሆን እነዚህን ይተዋቸው ነበር» አላት፣ እኔ እዚያ እንደሌለሁ ሁሉ።

ሌባ የሚለውን ቃል ስሰማ የሸመደድኩት ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። የቀረኝ እውነቱ ብቻ ነበር። እንግሊዝኛዬ እየተሰባበረ ስለ ሰሌዳው፣ ስለ መምህራችን አንድ መጽሐፍ ነገርኳቸው።

እሷ ፈገግ አላለችም። መጽሐፉን ዘግታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። «አሁን መጽሐፍ የለም። እነዚያ ጸሐፊዎች ምን ቸገራቸው? አንተ ንገረኝ።»

ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አየ። ሲያይ አየሁትና አፌ ሳላዝዘው ተከፈተ። ከእንግሊዝ በጦርነት ከተለዩ በኋላ እንኳ ግጥም ሲጽፉ አሜሪካ ውስጥ የሌሉ ወፎችን ይጠሩ ነበር አልኩ፤ የለንደን ወፎችን፤ በራሳቸው መስኮት ላይ የሚጮኸውን ትተው።

«ለምን?»

«ፈርተው። እንግሊዞች እንዳይስቁባቸው። የሰው ወፍ ከሆነ ማንም አይስቅም።»

«ይህ መጽሐፉ ውስጥ የት ላይ ነው?»

«የለም» አልኩና ደነገጥኩ። ሌላ ጥፋት የጨመርኩ መሰለኝ።

ባዶ ወረቀት አቀረበችልኝና «ጻፈው» አለች። ክፍል እስኪጀመር ሃያ ደቂቃ ነበረኝ። ዘጠኝ መስመር ጻፍኩ፣ ሦስቱን ሰረዝኩ። እንዲህ ያለ ቆሻሻ ወረቀት በሕይወቴ አስረክቤ አላውቅም። አንብባ ለዳይሬክተሩ አሳለፈችው። እሱም አንብቦ የተማሪዎች መዝገብ ላይ ከስሜ ጎን ምልክት አደረገና ዘጋው።

«ትቀጥላለህ» አለችኝ። «ለክፍሉ ግን አሁን ታነበዋለህ።»

ተከትያት ክፍል ገባሁ። ሃያ ሰው ቀና ብሎ አየኝ። ጋሽ ዘርእዝጊ ከፊት ወንበር ሆነው፣ ውሸቱ ሠራ ወይ በሚል ዓይን ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። ወረቀቱ እጄ ውስጥ እየተንሿሿ ስለነበር በደረቴ ላይ ጫንኩት፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማንበብ አልቻልኩም። ስለዚህ መልሼ ወደ ታች አወረድኩትና፣ እየተንሿሿ፣ ካልሰረዝኩት የመጀመሪያ መስመር ጀመርኩ። አንድ ሰው ከኋላ ድምፅህን ከፍ አድርግ አለኝ። እንደገና ጀመርኩ።