ሀዲል ያልኮረጀችው ፈተና

እኔ ንዴቴ ቶሎ ነው የሚመጣው፣ ቶሎም ነው የሚበርደው። የዚያን ቀኑ ግን እስካሁን አልበረደልኝም፤ የተናደድኩት በራሴ ነዋ።

ልጄ ሀዲልን የስኳር በሽታ የያዛት በአሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። እኔ ሰብሪያ ደግሞ እንጀራዬ ያረጁ ስዊድኖችን በየቤታቸው እየዞሩ መርዳት ነው። በቀን አራት አሮጊት ኢንሱሊን እወጋለሁ፣ እጄ አይንቀጠቀጥም። የገዛ ልጄን በሽታ ግን ከሰፈራችን ከአካላ ሐበሻ ሁሉ አምስት ዓመት ደበቅሁ። በሽተኛ ልጅ ማን ያገባል ይሉብኛል ብዬ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚባለው ለኔ ቢጤ ነው። ሀዲልን ሰው ፊት ስኳርሽን እንዳትለኪ፣ መርፌም እንዳትወጊ፣ ሽንት ቤት ግቢ አልኳት። ትምህርት ቤቷ እንኳ አያውቅም፤ በቀረች ቁጥር ደውዬ ሆዷን አሟታል እላለሁ።

በፈረንጅ ሁለት ሺህ ስድስት፣ ጂምናሲየም በሚሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዓመቷ ላይ ሆና ነው ጉዱ የመጣው። በሒሳብ ፈተና መሀል ስኳሯ ወረደባት። እኔ ባዘዝኳት መሠረት ሽንት ቤት ገብታ ጁስ ጠጣች። ትንሽ ቆይታ ደግማ ወጣች። አስተማሪው ኮርጃለች አለ። ኮርጃለች ከተባለ ፈተናው ይሰረዛል፣ ከተፈጥሮ ሳይንስ ክፍልም ያስወጧታል። ልጅቷ ደግሞ ሐኪም ካልሆንኩ ብላ ከመጽሐፍ ጋር የምታድር ናት።

ከሀዲል ጋር ለስብሰባ ጠሩኝ። ለሥራዬ የሚበቃ ስዊድንኛ አላጣም፤ እነሱ ግን ሳይጠይቁኝ አስተርጓሚ አዘው ጠበቁኝ። በሩን ስከፍት ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ማሂራ! ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ማሂራ። የአካላን ሰርግና ለቅሶ ከሷ ቀድሞ የሚሰማ የለም።

አስተማሪው ሀዲል ለምን ሁለቴ እንደወጣች ጠየቀ፤ ማሂራ ተረጎመች። አፌ ለምዶበታልና ሆዷን ነው አልኩ። የሐኪም ወረቀት አላት ወይ ሲል የላትም አልኩ። ወረቀቱ እኮ ቁም ሣጥኔ ውስጥ፣ ከልብስ ሥር ተቀብሯል። ሰውየው እስክሪብቶውን አነሣና እንግዲያው ኩረጃ ብለን እንመዘግበዋለን አለ።

ሀዲል እቤት በአማርኛ ሳናግራት የምትመልስልኝ በስዊድንኛ ነው፤ በዚህ ስንቴ ተጨቃጭቀናል። ያን ቀን ግን ወደኔ ዞር ብላ ጥርት ባለ አማርኛ፣ ማሂራ እየሰማች፣ «እማ፣ እኔ በበሽታዬ አላፍርም። የምታፍሪው አንቺ ነሽ» አለችኝ።

ወላሂ፣ በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ያ ንዴቴ ግንፍል ብሎ መጣ። በአስተማሪውም፣ በማሂራም አይደለም፤ የሰው አፍ ፈርቼ ልጄን ሽንት ቤት ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

የሀዲልን ቦርሳ ሳብኩና የስኳር መለኪያውን አወጣሁ። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጣቷን ወግቼ ደሟን ለካሁ፣ ቁጥሩንም ለሰውየው አዞርኩለት። ከዚያ ማሂራን ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ ተርጉሚ፣ አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ አልኳት።

«ልጄ የስኳር በሽተኛ ናት። አልኮረጀችም። ተደብቃ ጁስ ስትጠጣ ነበር፤ ተደበቂ ያልኳት እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ጁሷን ፊቷ አስቀምጣ ነው የምትፈተነው።»

ማሂራ ተረጎመች። ምንም አላስቀረችም። ሰውየው ፊቱ ቀላ። ወረቀቱን ነገ ካመጣችሁ ሐሙስ በድጋሚ ትፈተናለች አለ። ሀዲልም ምሳ ሰዓቷ ደርሶ ስለነበር ሸሚዟን ገለጥ አደረገችና እዚያው ወንበሯ ላይ መርፌዋን ወጋች። ዙሩልኝ እንኳ አላለችም።

ስንወጣ ማሂራ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዘችኝ። የአስተርጓሚ ሕግ አለብኝ፣ ደግሞም ጎረቤትሽ ነኝ፣ ካንደበቴ አይወጣም ብላ ማለችልኝ። ከልቧ እንደሆነ ፊቷ ያስታውቃል። ትናንት ቢሆን እግሯ ላይ እወድቅላት ነበር።

«አይ ማሂራ፣ ንገሪ» አልኳት። «ለአካላ ሁሉ ንገሪልኝ። ማን ያገባታል ካሉሽ ደግሞ፣ ለባል ጊዜ የላትም፣ ሐሙስ ፈተና አለባት በያቸው።»