የማክሰኞ ስልክ

ስልኩ ሲጮህ ጽናት ወጥ ቤት ቆማ ለእንግዶች የሚታደለውን ውሃ ከካርቶን እያወጣች ነበር። የሟች ባሏ የይዲድያ ስልክ ነው። ሆስፒታሉ ከመሮጫ ጫማው ጋር በላስቲክ ከረጢት አድርጎ ሰጥቷቸው፣ ጓደኞቹን ለማርዳት ያስፈልጋል ተብሎ ቻርጅ ላይ ተተወ። ስክሪኑን አየችው። የሰው ስም አልነበረበትም። «ማክሰኞ» ይላል።

ቀኑም ማክሰኞ ነበር፤ ይዲድያ ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ ዳር ሲሮጥ ልቡ ቆሞ ከወደቀ አራተኛ ቀኑ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። ቀብሩ ለቅዳሜ ተቀጥሮ፣ ኦክላንድ ያለው ባለ አንድ መኝታ ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያን በመጡ ታጣፊ ወንበሮች ተሞልቷል። የሚገባው ሁሉ «ጌታ ያጽናሽ» ይላታል፤ እሷም በስሟ የተጠራች እየመሰላት ቀና ትላለች።

ስልኩ ጮሆ ጮሆ ቆመ። እንደገና ጮኸ። አማቷ ወይዘሮ ትርፌ ከሳሎን ማን እንደሆነ ጠየቀቻት። መሥሪያ ቤቱ ይሆናል አለች ጽናት። ይዲድያ የኮስት ጋርድ፣ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ባልደረባ፣ አላሚዳ ካለው የጦር ሰፈር የጀልባ ሞተር የሚጠግን ወታደር ስለነበር መልሱ የሚታመን ነው። እሷ ራሷ ግን አላመነችውም።

የስልኩን መክፈቻ ቁጥር ታውቀዋለች። ከፍታ የጥሪ ዝርዝሩን ወደ ኋላ አየች። ሰባት ወር ሙሉ፣ በየማክሰኞው፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ አካባቢ እሱ ደውሏል። አርባ ደቂቃ። ሃምሳ ሁለት ደቂቃ። አንድ ጊዜ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። ጽናትን የገረማት ይሄ ነው። ይዲድያ ስልክ የማይወድ ሰው ነበር። ሳን ሆዜ የምትኖር እናቱ ስትደውል እንኳ «እሺ እማ፣ እሺ እማ» ብሎ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ይዘጋል። ከማን ጋር ነው ሰዓት ከአሥር ያወራው?

ሌላ ሴት ናት ብላ ለማሰብ ሞከረች። ሐሳቡ ግን አልያዘላትም፤ ሌላ ሴት ያለው ሰው የስልኩን መክፈቻ ለሚስቱ አይሰጥም። መናደድ ይገባት ይሆናል፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን የማወቅ ፍላጎቷ ገፋት። ስልኩን ኪሷ ከትታ ወደ ሕንፃው ደረጃ ወጣችና ደወለች።

ያነሳችው ሴት ናት። በእንግሊዝኛ፣ እየሳቀች፣ «ኢዲ፣ ዛሬ ረሳኸኝ አይደል?» አለች።

ጽናት ማን እንደሆነች ሳትናገር ይዲድያ ቅዳሜ ማረፉን ነገረቻት። ሴትየዋ ቀስ ብላ፣ «ጽናት ነሽ?» አለቻት። «ጽ»ን አልሳተቻትም። ጽናት ስሟን እንዲህ አስተካክሎ የጠራት ሐበሻ ያልሆነ ሰው አጋጥሟት አያውቅም። አድራሻዋን ስትጠየቅ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው ሰጠች።

ቀሪውን ከሰዓት በኋላ ከሰዎቹ መሃል ተቀምጣ ስለ ባሏ ያሰበችው ክፉውን ነበር። ጽናት ቨርጂኒያ ሳሉ ጥርስ የምታጸዳ ሀይጂኒስት ነበረች፤ ሰው አፉን ከፍቶላት እንቅልፍ ይወስደዋል የምትባል፣ እጇ ቀላል። ከሁለት ዓመት በፊት ይዲድያ ወደ አላሚዳ ሲዛወር እዚያው አካባቢ ዳብሊን ያለ ክሊኒክ ሊቀጥራት ተስማማ፤ የቀራት ላይሰንሱ፣ የካሊፎርኒያ የሥራ ፈቃድ ብቻ ነበር። ወታደር ሲዛወር ባለቤቱ ከሌላ ስቴት ይዛው በመጣችው ላይሰንስ በቶሎ ሥራ እንድትጀምር የሚያግዝ ሕግ አለ። ማመልከቻዋን ሞልታ ፈረመች። የጎደለው የይዲድያ የዝውውር ትእዛዝ፣ አለቃው የፈረመበት አንድ ገጽ ነበር። ይዲድያ ዛሬ ነገ ሲል ወረቀቱ አራት ወር መሥሪያ ቤት ባለው ሎከሩ ውስጥ ተኛ። ፋይሏ ተዘጋ፤ ክሊኒኩም ሌላ ሰው ቀጠረ።

ያን ዕለት፣ «ምን አስጨነቀሽ፣ የኔ ደሞዝ ይበቃናል» አላት። ጽናት ዘጠኝ ቀን አላናገረችውም። በአሥረኛው ቀን ኤል ሴሪቶ አንድ የሸቀጥ መደብር ካሽየር ሆና ገባች። ስለ ላይሰንስ ከዚያ ወዲያ በቤታቸው አልተነሳም።

ሴትየዋ ረቡዕ ከምሳ በኋላ መጣች። አምሳ ዓመት የሚሆናት አጭር ፊሊፒናዊት ናት፤ በፎይል የተሸፈነ የሩዝ ኑድል በሁለት እጇ ይዛለች። በሩን የከፈተችላት የይዲድያ እህት ቲቲ፣ ወንበር ሰጥታ ከእናቷ ከትርፌ አጠገብ አስቀመጠቻት። ሴትየዋ ማሪቤል እንደምትባል፣ ሳክራሜንቶ የላይሰንስ ፋይል በሚታይበት ቢሮ ስልክ እንደምትመልስ፣ ለዛሬ ፈቃድ ወስዳ እንደመጣች ተናገረች። ቲቲ አማርኛዋ እየተሰባበረ ለእናቷ ታስተረጉማለች።

ይዲድያ መጀመሪያ የደወለላት ጥፋቱ የሱ መሆኑን ለመናገር ነበር። የተዘጋው ፋይል በስንት ይግባኝ ተከፈተ። እያንዳንዱ ወረቀት ተልኮ ይመለሳል፤ ማኅተም ጎደለ፣ ቀን ተሳሳተ ይባላል። የማሪቤል መሥሪያ ቤት መስመር በምሳ ሰዓት ስለሚጨናነቅ የራሱን የምሳ ዕረፍት መኪናው ውስጥ ሆልድ ላይ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ይጠብቃል፤ የሚያወራት ጥቂት ደቂቃ ነው። ማሪቤል ራሷ የባሕር ኃይል ወታደር ሚስት ነበረች፤ በአራት ስቴት የፀጉር ሥራ ፈቃድ አውጥታ በአምስተኛው ሰልችቷት ተወችው። ስለዚህ ፋይሉን ከእጇ አላወጣችውም።

«ለምን አልነገረኝም?» አለች ጽናት።

«አንድ ጊዜ ተስፋ ሰጥቼ አሳፍሬያታለሁ፣ ወረቀቱ ሁሉ ሳያልቅ አልነግራትም አለኝ።»

የቀረው የጽናት የጣት አሻራ ብቻ ነበር። ይዲድያ ዛሬ፣ ረቡዕ፣ ሁሉን ነግሮ ሊወስዳት ቀጠሮ ይዞ ነበር። ማሪቤል ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እሱ ከሞተ በኋላ አለቆቼ ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ ወሳኟ እኔ አይደለሁም። እስከ ዓርብ አሻራሽ ካልገባ ግን ፋይሉ ይዘጋል። ከተዘጋ እንደ አዲስ ነው፤ እንደ አዲስ ስትጀምሪ ደግሞ ባልሽ ስለሌለ የዝውውር ትእዛዙ አያገለግልሽም።»

ቲቲ ይህን ስታስተረጉም ከወንበሮቹ መሃል ማጉረምረም ተነሣ። ትርፌ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «ልጄ አፈር ሳይለብስ ለሥራ ወረቀት ከሐዘን ቤት አይወጣም» አለች።

ሐሙስ ጠዋት እንግዳ ሳይገባ ጽናትና ትርፌ ጠረጴዛው አጠገብ ብቻቸውን ተቀመጡ። ትርፌ ሻይዋን እያማሰለች ቆየችና፣ «ሲጠብቅ ምን ያሰሙታል?» አለች።

«ምን አሉ እማማ?»

«ስልኩ ላይ። ሰዓት ሙሉ ሲጠብቅ ዝም ነው የሚለው?»

«ሙዚቃ ያሰሙታል። አንድ ዓይነት ሙዚቃ፣ እየደጋገሙ።»

ትርፌ ራሷን ነቀነቀች። «ለኔ ሁለት ደቂቃ አልነበረውም» አለች። ፈገግ ያለች መሰለች፤ ወዲያው ግን አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጽናት እንድታለቅስ ተወቻት። ሲወጣላት ትርፌ ተነሥታ ጫማዋን ፈለገች። «ተነሺ። ብቻሽን አትሄጂም፤ ሰው የሚናገር ከሆነ ለሁለታችን ይናገር።»

አሻራ የሚነሳበት ቦታ ሳን ሊያንድሮ፣ የፖስታ ዕቃ የሚላክበት ጠባብ ሱቅ ነው። ላይሰንሱ ከአምስት ሳምንት በኋላ በፖስታ መጣ፤ በዚያን ጠዋት ግን መምጣቱን የሚያውቅ አልነበረም። ጥቁር የለበሱ ሁለት ሴቶች ካርቶን ከተሸከሙ ሰዎች ኋላ ተሰለፉ። ተራቸው ሲደርስ ሰውየው የጽናትን ጣት የአሻራ ማንሻው ማሽን መስታወት ላይ አንከባለለ። ማሽኑ አላነበበውም። ደገመ። ሌላውን ጣት ሞከረ። አምስት ቀን እህልም ውሃም በቅጡ ያልቀመሰች ሴት እጅ ነው። «በጣም ደርቋል» አለና የሎሽን ጠርሙስ ወደሷ ገፋ።

ጽናት እጇን ዘርግታ እንዳለች ቀረች። መስታወቱን እያየች ነበር፤ ጠርሙሱን ያየችው አትመስልም።

ትርፌ ጠርሙሱን አነሣች። መዳፏ ላይ አፍስሳ የምራቷን እጅ ያዘችና ከአውራ ጣት ጀምራ አንድ በአንድ አሸቻቸው፤ ሳትቸኩል፣ ከኋላ ሰልፉ እየረዘመ። ቀለበቱ ያለበት ጣት ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ቀለበቱን ሳታወልቅ ከፍ አድርጋ ሥሩን ቀባችው። መልሳ ወደ ቦታው አወረደችውና ወደ ትንሿ ጣት አለፈች።