ትልልቁ ፊደል

የኮምፒውተር ባለሙያው ምንያህል የኮሌጁን ድረ ገጽ ፊደል ለማስተካከል ሁለት ሳምንት ሙሉ የለፋው ለብርቅዬ ብሎ ነው። ብርቅዬ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ ዓይኗ እየደከመ ሄዶ አሁን የሚታያት ትልልቅና ደማቅ ፊደል ብቻ ነው። ከከተማው ዳር፣ ከቡሹሎ ሰፈር በባጃጅ እየተመላለሰች፣ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር «እባካችሁ አንብቡልኝ» እያለች ሰው መለመን አንገሽግሿታል።

ማንም ምንም ቢጽፍ፣ ጽሑፉ በራሱ ጎላ ብሎ፣ መስመሩም ሰፋ ብሎ እንዲወጣ ምንያህል አንድ ቦታ ላይ አስተካከለው፤ የገጹ ጽሑፍ ሁሉ ታዘዘለት። ብርቅዬ ስልኳን አፍንጫዋ ላይ ሳትለጥፍ ስታነብ ሲያይ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። «ከእንግዲህ ማንንም አትለምኚ! ገጹን ብቻ ክፈቺ» አላት። ምነው ያኔ ምላሱን በቆረጠው!

ብርቅዬ ለመመረቅ የቀራት የአንድ ትምህርት የድጋሚ ፈተና ቀን ሲወሰን የሬጅስትራር ኃላፊዋ ወይዘሮ አልማዝ ደብዳቤውን ፈርመው፣ ማህተም አሳርፈው፣ በስልካቸው ፎቶ አንስተው ገጹ ላይ ለጠፉት። ፎቶ! ፎቶ ደግሞ መቼ የፊደል ትእዛዝ ይሰማል? ሲያጎሉት ይደበዝዛል እንጂ። ምንያህል በሥራው ተማምኖ ገጹን ዞር ብሎም አላየው። ፈተናው ሰኞ ተሰጠ። ብርቅዬ ማክሰኞ መጣች።

«እኔ እኮ የምርቃት ፎቶ ምናምን መስሎኝ ነው ያለፍኩት» አለች። «ጽሑፍ ቢሆንማ ጎልቶ ይወጣ የለ? አንተው ነህ ያልከኝ!»

ምንያህል እየሮጠ ወይዘሮ አልማዝ ቢሮ ገባ።

«በጽሑፍ ቢያስገቡት ኖሮ እኮ ታነበው ነበር!»

«አይ ልጄ፣ ማህተም የሌለውን ማስታወቂያ ማን ያምናል?» አሉት። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ከልባቸው አዝነዋል። «በል ማመልከቻ ታስገባ፣ እኔም እናገርላታለሁ።»

አስገባች። ይህ ፈተና ካለፋት ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም፤ ዓመት ትጠብቃለች። ዓይኗ ደግሞ ዓመት እንደማይጠብቃት ሐኪሙ ነግሯታል።

በአሥረኛው ቀን መልሱ ገጹ ላይ ወጣ። እንደገና ፎቶ፣ እንደገና ማህተም። ብርቅዬ ምንያህል ቢሮ መጥታ ስልኳን ዘረጋችለት።

«እባክህ፣ አንብብልኝ።»

«ጥያቄዎ ተቀባይነት ያላገኘ መሆኑን እንገልጻለን» ብሎ አነበበላት።

«እሺ» አለች። ስልኳን ተቀብላ የበሩን እጀታ በመዳፏ ፈልጋ አገኘችው።