ወይራ የታጠነ በርሜል

ትብለፅ ጎንበስ ብላ የበርሜሉን ወገብ በጥፍሯ ፋቀችው። በችኮላ የተቀባው አረንጓዴ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቶ ጣቷ ላይ ቀረ። ከሥሩ መጀመሪያ ቀይ መስመር፣ ቀጥሎ ሁለት የተጠላለፉ አጥንቶች ወጡ። ከአጥንቶቹ በላይ ምን እንደተሳለ ለማወቅ መፋቅ አላስፈለጋትም። ሟቹ ባሏ ግርማይ የእርሻ መጋዘን ዘበኛ ነበር፤ ከእንዲህ ዓይነት በርሜል የሚቀዳው የተባይ መርዝ ልብሱ ላይ የነጠበ ዕለት ደጅ ላይ ሳያወልቅ ቤት አይገባም ነበር።

በርሜሉ አሁን የያዘው የምግብ ዘይት ነው፤ የመርሳ ከተማ ከአምስት ወር በኋላ ያየችው የመጀመሪያ ዘይት። ዘይቱ ከሚመጣበት ከወልድያ መያዣ የለም ሲባል የቀበሌው ሊቀመንበር አስፋው ይህን ባዶ በርሜል ከየትም ፈልጎ፣ ቀለም አስቀብቶ አመጣው። የሰፈሩ ሴቶች በአመድና በፈላ ውኃ አጠቡት። ከዚያም ልክ እንደ ወተት ቅል በወይራ ጭስ አጠኑት። ወይራ ወይራ የሚሸት ዕቃ ንጹሕ ነው በሚባልበት አገር ከዚህ በላይ ጽዳት የለም። የቀበሌው ሱቅ ሻጭ ትብለፅም ጭራሮ ስታቀብል ነው የዋለችው። ዘይቱ ትናንት ማታ ተሞልቶ ሲመጣ ሽታው ደጅ ድረስ ያውድ ነበር፣ ሰዉም ደስ ብሎት ገባ።

ከግድግዳው ላይ ከጤና ጥበቃ የመጣውን ማስታወቂያ ነቀለችው። መርዝ በነበረበት ዕቃ ምግብ ይዞ የሸጠ ይቀጣል ይላል። ባለፈው ዓመት ነጋዴው ሲራጅ በዚሁ ወረቀት ስድስት ወር ታስሯል፤ ያውም በአንዲት ጀሪካን። ትብለፅ ወረቀቱን ይዛ ሱቁ ጥግ ላይ ወደተቀመጠው ሊቀመንበር ሄደች። ደጅ የተሰለፈው ሰው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ በርሜሉ የመርዝ ነው። ቀለሙን ፍቄ አይቼዋለሁ። ሲራጅ የታሰረው በዚህ ነው።»

አስፋው ወረቀቱን አላነበበውም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፣ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር። ዘይት ለሰፊው ሕዝብ ተከፋፈለ ብሎ ገና በዋዜማው ሪፖርት ልኳል።

«ያ ለነጋዴ የወጣ ነው። እኛ ነጋዴ ነን?»

«መርዙ ነጋዴና ቀበሌ ይለያል?»

«ታጥቧል፣ ታጥኗል። ከእንግዲህ ሕዝብ ብታስደነግጪ ስሙ ሻጥር ነው። ያንቺ ወገን ሻጥር ሠራ ሲባል ደግሞ ታውቂዋለሽ።» ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደብዳቤ በብዕሩ ጫፍ ነካ አደረገው። «ማኅተሙ አርፎበታል። ማከፋፈሉ በሰላም ሲያልቅ እፈርማለሁ።»

ደብዳቤው የልጇ የሃብተ ነው። ትግራይ ያሉ ዘመዶቹን ጠይቆ ሲመለስ መንገድ ላይ ተይዞ ወልድያ ከታሰረ ሦስት ወሩ። ከወንበዴ ጋር ንክኪ የለውም ብሎ ቀበሌው ከጻፈለት ይፈታል፣ ካልጻፈለት ወዴት እንደሚወሰድ የሚያውቅ የለም። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባል ነበር። ንጉሡ ከወረዱ ስንት ዘመን ሆናቸው፤ ተረቱ ግን ከነወንበሩ እዚሁ አለ።

ወደ ባንኮኒዋ ተመለሰች። ከኋላዋ የጨው ጆንያና ግድግዳ፣ ከጎኗ አስፋው፣ ከፊቷ ሰልፉ፤ ሱቁ ሌላ በር የለውም። ታምሜያለሁ ብላ ብትወጣስ? ሌላ ሰው ይቀዳል። በርሜሉን ገፍታ ብትደፋውስ? ሃብተ አይወጣም፣ እሷም ትከተለዋለች። ልጇን አሰበች፣ መልሳ የሰፈሩን ልጆች አሰበች፣ ሁለቱን ባንድ ልብ መያዝ አቃታት። አስፋው «ጀምሪ» አለ።

ከሰልፉ ፊት የቆሙት ረሂማ ነበሩ፣ ሰባት የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ አሮጊት። ትብለፅ የሃብተ አራስ ሳለች ገንፎ ያገነፉላት እሳቸው ናቸው። ጠርሙሳቸውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ወደ በርሜሉ ሰገግ ብለው አሸተቱ።

«ማሻአላህ፣ ሽታው! ዛሬስ የልጆቹ ወጥ ወዝ ያገኛል።»

ትብለፅ ጣሳውን ነክራ አወጣች። ረሂማ እጃቸውን ጠርሙሱ አፍ ላይ ጣል አደረጉ።

«ቆይ እንጂ ልጄ፣ አዲስ የተከፈተ አይደል? ቅመሺልኝ እንጂ። አንቺ በስመ አብ ብለሽ ቅመሺ፣ እኔ ቢስሚላህ ብዬ እወስዳለሁ።»

ሌላ ነገር አልጠየቁም። ጠላም ቢሆን ብርዝም ቢሆን የሚሰጥ ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀድሞ ይቀምሳል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለዚያ አይቀበልም። እንኳን ባዳ፣ እናትም ለልጇ ትቀምሳለች። ከኋላ ያሉት ሴቶች አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። አስፋው ከጥግ ሆኖ፣ «ቅመሺላቸው፣ ቶሎ በይ» አለ። ብዕሩን ከኪሱ አውጥቶ ደብዳቤውን ወደ ራሱ ሳበው።

ትብለፅ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች። ዘይቱ ጠራ ያለ፣ ቢጫ፣ የሚያስጎመጅ ዘይት ነው። አንድ ጉንጭ እሷን አይገድላትም፣ ይህን ታውቃለች። ብትቀምሰው ሃብተ ነገ ማታ ቤቱ ነው፤ ሰልፉ በሙሉ ደግሞ ጠርሙሱን ሞልቶ ወደየልጆቹ ይሄዳል። እጇን እስከ አገጯ ድረስ አነሳች። ከዚያ በላይ አልሄደላትም። ጣቶቿን ፈታ አደረገቻቸው፣ ዘይቱም በመካከላቸው ወርዶ መሬት ላይ ጠብ ጠብ አለ።

ረሂማ መሬቱን አዩ፣ እጇን አዩ፣ ፊቷን አዩ። ጠርሙሳቸውን አንስተው በቡሽ ደፈኑት። ቀጥላ የቆመችው ሴት ጀሪካኗን ከባንኮኒው ላይ አወረደች፤ ከኋላዋ ያሉትም አንድ በአንድ ጠርሙሳቸውን ደፈኑ። የአስፋው ወንበር ተንቋቋ።

ረሂማ አስፋው እጅ ያለውን ደብዳቤ አይተው ወደ ትብለፅ ጠጋ አሉ።

«ሃብተስ፣ ልጄ?»

ትብለፅ ዘይት የነካ መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች። ከጎኗ፣ ከጥግ በኩል፣ የደብዳቤውን ወረቀት ድምፅ ሰማች። ሲታጠፍ ይሁን ሲቀደድ አልለየችውም፣ ዞራም ለማየት አልደፈረችም።